ለቅሬው ድረ ገጽ ቤት ስንፈልግ

ጎረቤቴ ሰዓዳ ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ሳምንት ስልኳን ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመችና «ጋሽ ይመር፣ እስኪ አብረን እንምረጥ፤ ሆስቲንግ ልገዛ ነው» አለችኝ። ለሥራዋ ድረ ገጽ ልትከፍት ነው፤ ድረ ገጹ ደግሞ ውሎ የሚያድርበት ኮምፒውተር መከራየት አለባት። የኪራዩ ዓይነት ስልኳ ላይ በሦስት ዓምድ ተደርድሯል፤ ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ። መነጽሬን ፈልጌ አድርጌ የመጀመሪያውን ዓምድ አንብቤ ሳልጨርስ «መካከለኛው ይበቃኛል» ብላ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ ተከፈለ፤ አለቀ። አመስግናኝ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ምን እንዳደረግሁላት እስካሁን አላውቅም። መነጽሬን እንዳደረግሁ በሩ ላይ ቀረሁና ሳቄ መጣ። እኛ ለመርሳው የቀብር ማኅበር፣ ለቅሬው፣ ድረ ገጽ ቤት ስንፈልግ ማሽላው እሸት እያለ የጀመርነው ክርክር፣ እህሉ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ሲገባም አላለቀም ነበር።

ማስታወሻዬን ሳላይ ዓመተ ምሕረት መጥቀስ አልወድም፤ የሥራ ልማድ ነው። የሚሊኒየሙ ቲሸርት አንገቱ ላልቶ ቀለሙ ግን ገና ያልለቀቀበት ጊዜ ነበር ብል፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባጃጅ ወልድያ እንደገባ ነው። ሰው በእግሩ ቶሎ የሚደርስበትን መንገድ ለመሳፈር ሲል ብቻ ይሳፈራል፤ ተሳፍሮም መንገድ ላይ ያገኘውን ዘመድ ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ሰላም ይላል። የወጣቶቹ ሱሪ ከታች ሰፊ፣ ጫማቸው ከፊት ሹል፣ ፀጉራቸው በጄል የረጠበ ነው። ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሦስት ብር። ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ ሰባት ብር፤ ረዳቱ የሚያውቅህ ከሆነ ስድስት ብር እና የቤተሰብ ሰላምታ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በነበረው ሲዲ ቤት ጠዋት ትዝታ፣ ከሰዓት አምባሰል ይለቀቃል። የሱዳን ዘፈን ከተሰማ ባለቤቱ ምሳ ሄዶ ሠራተኛው ብቻውን ቀርቷል ማለት ነው። ሐራ ያኔ ሰው ፍየል ሊገዛ የሚሄድበት ገበያ ነበረች፤ ባቡር የሚባል ወሬ ገና አልደረሰባትም።

ከሲዲ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከጫማ ቤቱ በላይ፣ በሚንቋቋ የእንጨት ደረጃ የሚወጣበት የካሳ ኢንተርኔት ቤት ነበረ። አሁን እዚያው ፎቅ ላይ ሌላ ሰው የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል፤ ደረጃው ግን ያው ነው፤ ሦስተኛው እርከን ዛሬም ያስደነግጣል። ካሳ ብዕር ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚውል፣ ደሴ ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ነበር። ኮምፒውተሮቹን ማታ ባለ ጥልፍ ጨርቅ ያለብሳቸዋል። ሂሳቡ በደቂቃ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። መስመሩ ቀርፋፋ ስለነበረ የሰው ፎቶ ሲከፈት መጀመሪያ ፀጉሩ ይመጣል፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ ቀጥሎ ቅንድቡ፤ አንዳንድ ሰው የሚያገባትን ልጅ አገጭ ሳያይ ደቂቃው አልቆበት ወርዷል። እኔ የዞኑን ዜና የምሠራ ሪፖርተር ስለነበርኩ ጽሑፌን ወደ ማዕከል የምልከው ከዚያ ነው። የሞቀ አቧራና የጫማ ማስቲሽ ሲሸተኝ ዛሬም ዜና የዘገየብኝ ይመስለኛል።

እናቴ ግን መርሳ ናት። መርሳን በመኪና አልፎ የሚሄድ ሰው ሙቀቱንና በመስኮት የሚገባውን የማንጎ ዘንቢል ያስታውሳል። ለእኔ መርሳ ማለት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ግቢ ነው፤ ፓፓያው ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ያለፈበት፣ በሩ ሲከፈት አጥሩ ሁሉ የሚነቃነቅበት። እናቴ ዘሀራ ከአባቴ ሞት በኋላ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። «ብቻዬን» የምትለው ግን መንደሩ በሙሉ ሲገባ ሲወጣ ውሎ ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የሰፈራችን ቅሬ እስላሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሬሳው ወደ መስጊድም ይሂድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ይወጣል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ሕጉ አጭር ነው። የዘገየ አባል መቀጮ ይከፍላል፤ ጥሩንባ ተነፍቶ ቀብር የቀረ አባል ለሦስተኛ ጊዜ ከቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ቤት ሰው ሲሞትበት ቅሬው አይወጣለትም። የእኛ ቤት በመዝገቡ የተያዘው በእኔ ስም ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁለት ቀብር ቀርቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ለሥራ መስክ ወጥቼ ነበር። ጥሩንባው ከመርሳ ወልድያ አይሰማም። ለቅሬው ለፋፊ ለእንድሪስ የስልክ ካርድ ተገዝቶለት እንዲደውል ተሞክሮ ነበር፤ ግን ኔትወርክ ሲኖር ካርዱ ያልቃል፣ ካርድ ሲኖር ኔትወርኩ ይጠፋል። በዚያ ላይ «ለእገሌ ተደውሎ ለእኔ ያልተደወለው በምን ተበልጬ ነው?» የሚል ኩርፊያ መጣና ነገሩ ቀረ።

ሁለተኛውን ቀብር በቀረሁበት ሰሞን መርሳ ስወርድ እናቴ ፓፓያ እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም።

«ዛሬ ማንም አልሞተ?» አለችኝ።

«ኧረ ማንም። ምነው እማየ?»

«መምጣትህን አይቼ ነዋ። አንተ የማትመጣው ሰው ሲሞት ነው።»

«አልሰማሁም እኮ።»

«ያገሩን ወሬ ሁሉ ለአዲስ አበባ የምትነግር ሰውዬ፣ ያሳደገህን ጎረቤት ሞት አልሰማሁም ትላለህ?» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ስማኝ ይመር። እኔ ሞት አልፈራም፤ አላህ በፈቀደው ቀን ይመጣል። የምፈራው ሞቼ ግቢው ጭር ብሎ፣ እነዚያ ከማዶ ያሉት ሴቶች በአጥር አሾልቀው ሲያዩኝ ነው። ሰው አልነበራትም ሲሉኝ ይሰማኛል፤ ሞቼም ቢሆን ይሰማኛል። አንዲት ብቻ ነው የቀረችህ።»

ፓፓያውን ሰጠችኝ። በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ላይ ቅር አለኝ።

የድረ ገጹ ሐሳብ የካሳ ነው። «ጋሼ፣ ቅሬው የራሱ ገጽ ይኑረው። እንድሪስ ጥሩንባ ሲነፋ እኔ እጽፍበታለሁ» አለ። በማግስቱ ጁምአ ስለነበር ከሶላት በኋላ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ስብሰባ ተጠራና ካሳን ይዤው ወረድኩ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ይማም ናቸው፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ተናግሮ ከጨረሰም በኋላ ትንሽ የሚጠብቁ፤ በዚያች መጠበቅ ውስጥ ብዙ ሰው ያልጠየቁትን ሲናዘዝ አይቻለሁ። መዝገቡን የሚይዙት ቄስ ሞገስ ደግሞ ፈጣን፣ ሲጽፉም የሚያወሩ ናቸው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ከብት የጠበቁ ሰዎች ስለሆኑ ሲከራከሩ ያየ የተጣሉ ይመስለዋል።

«ወልድያ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም፣ ጅዳ ያለውም እኩል ያየዋል» አለ ካሳ።

«እኩል?» አሉ ሼህ ይማም።

«እኩል፣ ሼኪ። ለማንም ቀድሞ አይደወልለትም።»

ይቺ ቃል ስብሰባውን ያዘችው። በስልኩ ጉዳይ ያኮረፉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም። ታዲያ ይኼ ነገር የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቤት እንከራይለታለን» አለ ካሳ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእጃችን የወጣው። ካሳ ሆስቲንግን ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ የቤት ኪራይ ነበር፤ የቅሬ ሰው ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ባያውቅም ስለ ቤት ኪራይ የማያውቀው የለም። «ሦስት ዓይነት ነው። ግቢውን ጠቅልሎ መያዝ አለ፤ ውድ ነው። ለብቻ አንድ ክፍል አለ። ደባልም አለ፤ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ድረ ገጽ አብሮ ይኖራል። እሱ ርካሽ ነው፤ ለእኛ ይበቃናል።»

«ዘበኛ አለው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አለው።»

«መብራቱን የሚከፍለው ማነው?»

«አከራዩ።»

«ኪራይ ብናዘገይ ዕቃችንን ደጅ ያወጣዋል?»

ካሳ ውሸት አይችልም። «ደጅ አያወጣም። ያጠፋዋል።»

«ደጅ ቢያወጣው ይሻል ነበር» አሉ ቄስ ሞገስ፣ እየጻፉ።

«ግን ጥሩ አከራዮች ናቸው» አለ ካሳ ላብ እያጠመቀው። «ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ጊዜ በሩ ክፍት ነው ብለው ቃል ይገባሉ።»

ሼህ ይማም ጠበቁ። ካሳም ጠበቀ። ዝንቦቹም የጠበቁ መሰለኝ።

«በቀረችው በአንዷ ሰው ቢሞትስ?» አሉ ሼህ ይማም።

ካሳ ብዕሩን ከጆሮው አወጣ፤ አየው፤ መልሶ ሰካው። በኋላ ብዙ ባለሙያ ጠይቄያለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም። ያን ዕለት ያዳኑን ቄስ ሞገስ ናቸው፤ «እንድሪስም እኮ አንዳንዴ ወባ ይይዘዋል፤ ያኔ ሰው መሞቱን ትቶ ያውቃል?» አሉ። ተሳቀ፤ ጥያቄው ታለፈ። ያላለፈው የሚቀጥለው ነው።

«ደባሎቹ እነማን ናቸው?» አሉ ሼህ ይማም።

መርሳ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው መጀመሪያ ጣሪያውን አያይም። ግቢው ውስጥ ማን እንደሚኖር ይጠይቃል። ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው ያ ሰው ነው፤ እሱም እንዲሁ ሊያደርግለት ነው የሚገባው። ስለዚህ ጥያቄው ለእነሱ ተራ ጥያቄ ነበር። ካሳ «አይታወቅም» ቢል ኖሮ እኔም ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ግን ካሳ ያወቀውን ነገር ማፈን አይችልም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው የተቀመጡ ድረ ገጾችን ዘርዝሮ የሚያወጣ ገጽ መኖሩን ተናገረ፤ ተናግሮም ኩራት ተሰማው። ሼህ ይማም ተነሡ። «እንግዲያ ወልድያ መጥተን እናያቸዋለን» አሉ። ስብሰባው ተበተነ።

በሳምንቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ያን ደረጃ ወጡ። ሦስተኛው እርከን ላይ አንደኛው «ቢስሚላህ»፣ ሌላኛው «በስመ አብ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ካሳ ወንበር አቀረበላቸው፤ የቅሬ ጉዳይ ስለሆነ ደቂቃ አይቆጠርም አለ። የመጀመሪያው አከራይ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነበር። ከደባሎቹ አንዱ ቢራ አከፋፋይ ሆኖ ተገኘ።

«ቢራ...» አሉ ቄስ ሞገስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቢራ እንኳ በእኛ በኩል ያን ያህል...»

ሼህ ይማም ዘወር ብለው አዩዋቸው።

«ለአንቱ ስል እንጂ» አሉ ቄሱ።

«ለእኔ ብለው ይተዉት።»

«ተውኩት። ካሳ፣ ሌላ።»

ሁለተኛው የውጭ አገር ድርጅት ነው፤ ኪራዩም ከሁሉም ያንሳል። ካሳ የደባሎቹን ዝርዝር አውጥቶ አንዱን ከፈተ። ሥዕሉ እንደ ልማዱ ከላይ ወደ ታች መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዚያ አረንጓዴ መስክ፣ ከዚያ ሁለት ጆሮ።

«ከብት አርቢ ናቸው» አሉ ሼህ ይማም ደስ ብሏቸው። «ሐላል ሥራ ነው።»

«በግ ነው መሰለኝ» አሉ ቄስ ሞገስ። «ጆሮው ግን ተንጠልጥሏል።»

«የፈረንጅ በግ ይሆናላ።»

ግንባሩ መጣ፤ ፀጉር የለውም። ዓይኑ መጣ፤ ትንሽ ነው። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ አፍንጫው መጣ።

«ዝጋው!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ቄስ ሞገስ አማተቡ፤ ሼህ ይማም «አዑዙ ቢላህ» እያሉ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ካሳ ተደናግጦ ኮምፒውተሩን ከነነፍሱ ከሶኬቱ ነቀለው። ስለ አብሮ መኖር ብዙ ስብሰባ ዘግቤያለሁ፤ በብዙ ገንዘብ የተዘጋጁም ነበሩ። የአሳማ አርቢውን ያህል ሁለቱን ወገን በቶሎ ያስማማ ተናጋሪ ግን አላጋጠመኝም።

እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። አንዱ ደባሉ ቁማር ቤት ሆኖ ወደቀ፤ አንዱ ኮከብ ቆጣሪ ሆኖ ወደቀ፤ አንዱ ምንም ነውር ሳይገኝበት «ስማቸውን የማይጽፉት ምን ደብቀው ነው?» ተብሎ ወደቀ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሦስተኛ ቀብር እንዳያመልጠኝ በየማለዳው መርሳ ፋርማሲ ውስጥ ለሚሠራው ለካሳ አጎት ልጅ እየደወልኩ «ሰው ሞተ እንዴ?» እላለሁ። ልጁ በኋላ ስልኩን ሲያነሣ ሰላምታም ትቶ «ማንም» ማለት ጀምሮ ነበር።

የተገኘው በመጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ያለ ትንሽ ድርጅት፤ ደባሎቹ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ በርበሬ ፈጪ፤ ከእነሱም ጋር ደሴ ያለ የሶፋና የአልጋ ሠሪ። የሶፋ ሠሪው ገጽ ላይ የባለቤቱ ፎቶ አለ። አቶ ጌታቸው ይባላል፤ በራሱ ሶፋ ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንግዳ ቤት የመጣ ይመስል ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ሼህ ይማም ፎቶው እስኪሞላ ድረስ ጠበቁና «ይኼ ሰው ነው» አሉ።

«ደሴም ቅርብ ነው» አሉ ቄስ ሞገስ።

ርቀቱ ለነገሩ ምንም እንደማያደርግ ካሳ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ረገጥኩት። ቤቱ በዚያው ዕለት ተከራየ። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ሼህ ይማም ደረጃው ላይ ቆም ብለው «ካሳ፣ ወደ ቤታችን በገባህ ቁጥር ደባሎቹንም ብቅ ብለህ እያቸው። ደህና መሆናቸውን እንወቅ» አሉት። ካሳም እሺ አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ።

ድረ ገጹ ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ነበር፤ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው። ግን ሠራ። ሐራ የሚነግደው አባላችን ወልድያ ሲመጣ ይከፍተዋል፤ ግራና ከተማ የሚያስተምረው ደመወዝ ሊወስድ ሲመጣ ያየዋል፤ ጅዳ ያለችው ልጅ የአጎቷን ሞት ከእኛ እኩል ሰማች። እኔም የፋርማሲውን ልጅ አሳረፍኩት። ከዚያ አንድ ቀን ዜና ልልክ የካሳ ቤት ስገባ የቅሬውን ገጽ ከፈትኩና እንዲህ የሚል አነበብኩ፤ «አቶ ጌታቸው፣ የቅሬያችን ጎረቤት፣ ደሴ። ቀብር ነገ።»

ካሳን አየሁት። ካሳ ብዕሩን ከጆሮው አወጣ።

«ገጹ ላይ ፎቶው በጥቁር ተከቦ፣ ቀብሩ ነገ ተብሎ ተጽፎበት አየሁት ጋሼ። ለእንድሪስ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነገርኩት።»

«እንድሪስስ?»

«ነፋው።»

ያን ዕለት ኔትወርክ ስለነበረ ለሼህ ይማም ደወልኩ። ሰውየውን እንደማናውቀው፣ እሱም እንደማያውቀን፣ ደባልነቱ ለማስረዳት ያህል የተባለ እንጂ የምር ቤት እንዳልሆነ፣ በረጋ ድምፅ አስረዳሁ። ጨረስኩ። ጠበቁ።

«ይመር» አሉ፣ «አንድ ጣሪያ ሥር ናችሁ ብላችሁ ነገራችሁን። ጣሪያው ውሸት ከነበረ አሁን ንገረኝ፤ ቅሬውን ጠርቼ ሪፖርተሩ ዋሽቶናል እላለሁ። ውሸት ካልነበረ ነገ እንገናኝ።»

ስለ ጣሪያው በቂ ማስረጃ አልነበረኝም። በማግስቱ ደግሞ የመስኖ ምረቃ ነበር፤ ከማዕከል እንግዳ ይመጣል፤ ዘጋቢው እኔ ነኝ። ብቀር ሦስተኛዬ ነው። የእናቴ ግቢ ጭር ብሎ፣ ሴቶቹ በአጥር ሲያዩ ታየኝ። ወደ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«ለቀብር ልሄድ ነው።»

«አይዞህ። ምንህ ነው?»

«ጎረቤቴ።»

«የት ነው ቀብሩ?»

«ደሴ።»

«ከዚህ ደሴ ሄዶ ነው የሚቀበረው?»

«አይ፤ እዚያው ነው የሚኖረው።»

አለቃዬ ብዙ ዓመት ጽሑፌን ሲያርም ያልተጣራ ነገር አግኝቶብኝ አያውቅም። ዓይኔን አየኝ፣ ጣሪያውን አየ፣ «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለና ሌላ ሰው መደበ።

ሁለት ሚኒባስ ሞልተን ሄድን። በውርጌሳ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ አድርገን ደሴ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን፤ የመርሳ ሰው በሽርጥና በስስ ጋቢ ወርዶ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ለቅሶ ቤቱን ያገኘነው በሶፋ ፋብሪካው በር ነው። ድንኳኑ ትንሽ ነበር፤ ያም ሆኖ አልሞላም። አቶ ጌታቸው ከሩቅ አገር በወጣትነቱ መጥቶ ደሴ የቀረ ሰው ነው። ዘመድ የለውም። ሥራ ሲበዛበት እድር ለመግባት ዛሬ ነገ ሲል ኖሯል። ያሉት ልጁ ሂሩት፣ ሁለት ትናንሽ ወንድሞቿና አናጺዎቹ ናቸው። የእኛ ሰዎች ሁኔታውን አዩ፤ ማንም ማንንም አላዘዘም። ገሚሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዶ ከቆፋሪዎቹ አካፋ ተቀበለ፤ ገሚሱ ሣጥኑን አነሣ። እስላሞቹ እስከ ቅጥሩ በር ተሸክመው ለክርስቲያኖቹ አስረከቡ። እንድሪስ ደሴ ከተማ መሀል ጥሩንባውን ነፋ፤ ሰው ሁሉ ከየሱቁ ወጥቶ ትልቅ ሰው የሞተ መስሎት ተከተለን። ቀብሩ ትልቅ ሆነ።

ስንመለስ ሂሩት ሼህ ይማም ፊት ቆመች። ነጠላዋ ወደ ታች ተዘቅዝቋል፣ ዓይኗ አብጧል።

«አባባ፣ አባቴን ከየት ያውቁታል?»

«ደባሎች ነን ልጄ» አሉ ሼህ ይማም። «አብሽሪ።»

እኔን አየችኝ። ማን፣ ምን፣ የት፣ እንዴት በሚለው ቅደም ተከተል ሁሉንም ነገርኳት፤ ቢራውንም፣ አሳማውንም፣ አባቷ በፎቶው እንደተመረጠም። መጀመሪያ በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መሰለኝ፤ እየሳቀች ነበር። ወንድሞቿ ተደናገጡ። «አባዬ ያን ፎቶ ሲነሣ ስንት ተጨቃጨቅን መሰላችሁ» አለች፤ «ደገፍ ብለህ ተቀመጥ ስለው፣ ሰው ምን ይለኛል ይል ነበር።» ከዚያ አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። ሰውየውን አላውቀውም ነበር፤ ያለቀስኩት ግን ከልቤ ነው። ቄስ ሞገስ ድንኳኑ ውስጥ መዝገባቸውን አውጥተው ስም ጠሩ። «ይመር!» ሲሉ «አለሁ!» ያልኩበት ድምፅ ለለቅሶ ቤት ትንሽ የበዛ ነበር።

ማታ መርሳ ስገባ እናቴ ነቅታ ጠበቀችኝ።

«አለቀስክ?»

«አለቀስኩ።»

«ምን ነበር ሥራው?»

«ሶፋ ይሠራ ነበር። አንዲት ሴት ልጅና ሁለት ትናንሽ ወንዶች ልጆች ትቶ ሄደ።»

«አይ ደግ ሰው። ሴት ልጁስ ሰው አላት?»

«ብዙም የላት።»

«ስልኳን ይዘሃል?» አለች። ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በየበዓሉ ይደዋወሉ ነበር፤ እናቴ ለፋሲካ እንኳን አደረሰሽ፣ ሂሩት ለአረፋ ዒድ ሙባረክ። ምን ሲያወሩ እንደሚያመሹ አልነገሩኝም፤ ስለ እኔ መሆኑን ግን ሳቃቸው ይነግረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መጥቶ አልፏል፤ ማናችንም ያልጠራነውም ጭምር። ካሳ ኢንተርኔት ቤቱን ዘግቶ አሁን የፀሐይ መብራት ይተክላል። ስልክ በየኪሱ ገባና የቅሬውን ገጽ የሚያይ ሰው ቀነሰ። ኪራዩ ግን አልተቋረጠም፤ ሼህ ይማም «ጎረቤት ትተን የት እንሄዳለን?» ይላሉ። እናቴ ያረፈችው አንድ ማለዳ ነው፤ ከፈጅር ሶላት በኋላ ጋደም እንዳለች። እንድሪስ ነፋ፤ ካሳ ከስልኩ ጻፈ። ግቢው ሞላ፤ አጥሩ በሁለት በኩል ተገፍቶ ወደቀ። ከማዶ ያሉት ሴቶች አሾልቀው የሚያዩበት አጥር አጥተው ገብተው ወጥ ሠሩ። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ቀበርናት።

አፈሩ ተመልሶ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲያዘግም፣ በሩ ላይ «ሶፋና አልጋ» የሚል የተጻፈበት ፒክአፕ አቧራ ለብሶ ቆመ። ሂሩት ወረደች፤ ወንድሞቿ ጢም አውጥተዋል፤ ከኋላ አናጺዎቹ ወረዱ። ሼህ ይማም አርጅተው በትር ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታዋን ተቀብለው ጠበቁ።

«ዘገያችሁ» አሉ።

«ሐይቅ ላይ ጎማ ፈነዳብን፣ አባባ። ቀብሩ አመለጠን።»

«ጎማ ምክንያት አይሆንም። ለዘገየ ሰው መቀጮ አለ። እንድሪስ፣ ደረሰኝ ቁረጥ።»

እኔ ልናገር ስነሣ ቄስ ሞገስ ክንዴን ያዙኝ። ሂሩት ቦርሳዋን ከፈተች፤ በአባቷ ቀብር ካለቀሰችው የባሰ እያለቀሰች ነበር፤ ከኋላዋ ትልቁ ወንድሟም እጁን ኪሱ ከተተ። እንድሪስ የደረሰኙን ጥራዝ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቀና አለ።

«ሼኪ፣ ከማን ተቀበልኩ ልበል? ከእንግዳ?»

«እንግዳ ይቀጣል እንዴ?» አሉ ሼህ ይማም። «አባል ብለህ ጻፍ።»